ሁለቱ ቅሎች

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲው መጥቶ ሻይ ስንጠጣ ስለ ትምህርቱ አወራኝ። እጅግ በቀዘቀዘ ጋዝ ውስጥ ብዙ ጉልበት ተሸክመው ያበጡ አተሞች አሉ፤ የጉልበት ደረጃቸው ሲገጥም ሳይነካኩ አንዱ የያዘውን ለሌላው ያቀብላል አለኝ። "ብዙ ነገር አለው እማማ፣ እንዳላደክምሽ ብዬ ነው።" አይ ልጅ! ዕድሜ ልኳን ሳይንስ ያስተማረችን ሴትዮ!

"ተወኝ፣ እኔ በቅል አይቼዋለሁ" አልኩት።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጂንካ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ዝናቡ ገና አባርቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። አባቴ ከመንደራችን በእግሩ መጥቶ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። እናቴ ክንዷ ተሰብሮ እንሰት የሚፍቅ ጠፍቷል። በእኛ በአሪዎች ዘንድ እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ሲፍቅ ከታየ መሳቂያ ይሆናል። ለቤቱ ያለሁት ሴት ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ። ሊወስደኝ እንደመጣ ገባኝ፤ አንዴ ከሄድኩ መመለስ የለም።

የፊዚክስ መምህራችን "አባባ፣ አረፍ ይበሉ፤ ይህቺን ሙከራ ታሳየንና ይወስዷታል" አለው።

ከቤት ያመጣኋቸውን ሁለት ቅሎች ውሃ ሞልቼ ከአንድ አግድም ገመድ ላይ በክር አንጠልጥያለሁ። አንዱን ገፋሁት። ሌላው ምንም! ለካስ ስቸኩል የአንዱን ክር አሳጥሬ አስሬዋለሁ። አባቴ ሊነሣ ሲል መምህሩ "ቁመታቸው እኩል ይሁን እንጂ" አለኝ፤ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። አሁን የገፋሁት ቅል ቀስ በቀስ ደከመና ቆመ፤ ማንም ያልነካው ይወዛወዝ ጀመር።

አባቴ ተነሥቶ በቅሎቹ መካከል እጁን አሳለፈ። የሚጎትት ነገር ፍለጋ ነው።

"የሄደው ይመለሳል?" አለ።

"ይመለሳል አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁ" አለው መምህሩ።

እውነትም የቆመው ቅል ተመልሶ ተነቃነቀ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ በአሪኛ "እንሰቱን እኔ እፍቃለሁ፤ አንቺ እዚሁ ሁኚ" ብሎኝ ወጣ።

ፋቀም። ጎረቤት ሲስቅበት "ሳቁ፣ ሳቁ! ቆጮው ሲደርስ አብራችሁ ትበላላችሁ" ይል ነበር አሉ።

እኔ ተመርቄ ሳልመለስ ሞተ። የሄደው ለእሱ አልተመለሰም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የልጅ ልጄ ብርጭቆውን አስቀምጦ "ቅሎቹስ?" አለኝ። "ዛሬም ጓዳ ተሰቅለዋል" አልኩት። አወረዳቸው፤ ውሃውን ሞልቶ፣ ቁመታቸውን አስተካክሎ አንድ ገመድ ላይ አሰረ። እኔም የእኔን ገፋሁና ቁጭ ብዬ የእሱን እጠብቅ ጀመር።