የተኛ ይሰረዛል

ሲስተር እሁድ ከሰዓት ልብስ ሰፊው ቤት የምትደርሰው ከአዳር ተረኝነት ወጥታ፣ እናቷን አጥባና አብልታ ነው። እናትየው ልጃቸውን መለየት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እሁድ እሁድ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ታናሽ እህቷ ትጠብቅላታለች። ከሳምንቱ ውስጥ ማንም “አምጪ፣ ስጪ” የማይላት በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ብቻ ነው፤ እነሱን ካጣች ምን እንደሚውጣት አታውቅም።

ልብስ ሰፊው ቤት የሚሰበሰቡት ለጨዋታ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ሚስቱ፣ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይና ሲስተር አራት ሆነው አንድ አስፈሪ ፊልም ያያሉ። ቁምሳጥኑ በር ላይ እስከ ዛሬ ያዩዋቸው ፊልሞች በአስፈሪነታቸው ተራ ተጽፈው ተለጥፈዋል። አዲሱ ስንተኛ እንደሚገባ እያንዳንዱ በብጣሽ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ይጽፍና ይደብቃል። ከዚያ ክርክር ነው፤ ጎረቤት እስኪታዘብ ድረስ ይጨቃጨቃሉ። በመጨረሻ ለተስማሙበት ቁጥር የቀረበ ነጥቡን ይወስዳል። ሕጉን ያወጣችው የልብስ ሰፊው ሚስት የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነች ሕጉም ምሕረት አያውቅም፦ ፊልም እያየ የተኛ ከጨዋታው ይሰረዛል። ፀጉር አስተካካዩ ዛሬ የሚቀመጥበት ሶፋ የገዛ ወንድሟ አንኮራፍቶ የተሰረዘበት ነው።

ሲስተር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተኝታለች። “ብርሃኑ ራሴን ያመኛል” ብላ ጥቁር መነጽር ታደርግና ከኋላ ትቀመጣለች። ይባስ ብሎ በነጥብ የምትመራው እሷ ናት! ምስጢሩ ቀላል ነው። ልብስ ሰፊው ፍርሃት ሞልቶ የተረፈው ነው፤ በደነገጠ ቁጥር “እናቴ ድረሽልኝ!” ብሎ ይጮሃል። የበሽተኛ ደወል እየጠበቁ ማሸለብ የለመዱት ጆሮዎቿ ጩኸቱን ይቆጥሩላታል። ሦስት ጊዜ ከጮኸ ፊልሙ መካከለኛ ነው፤ ሰባት ጊዜ ከጮኸ ከላይ ይገባል።

በዚያ እሁድ ልብስ ሰፊውን ጉንፋን ጥሎት ድምፁ ጭራሽ ተዘግቷል። በሩን ከፍቶ በእጁ ምልክት አስገባት። “ትኩስ ነገር ጠጣበት” አለችውና ወደ ወንበሯ አለፈች። ነገሩ እሷንም እንደሚነካ ለማሰብ ጭንቅላቷ አቅም አልነበረውም።

መብራት ሲበራ ነቃች። አንድም ጩኸት አልሰማችም። “የማይረባ ፊልም ነው ማለት ነው” ብላ ብጣሿ ላይ ሠላሳ ብላ ጻፈች፤ የመጨረሻውን ተራ።

ሌሎቹ ብጣሻቸውን ገለጡ። ሦስቱም “አንድ” ብለዋል። ልብስ ሰፊው ፊቱ አመድ መስሎ ትራስ አቅፏል።

“ሠላሳ?” አለች አስተማሪዋ። “ሕፃኗን ከግድግዳው ውስጥ ሲያወጧት እንኳ አልደነገጥሽም?”

“እኔ ስንቱን ጉድ አይቻለሁ፤ በዚህ ልደንግጥ?”

“ግድግዳ ውስጥ ሕፃን የለችም እኮ፣ ሲስተር።”

ፀጉር አስተካካዩ ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። ሲስተር መነጽሯን አወለቀች።

“ደከመኝ” አለች። “አንዱንም አላየሁ። ዓመቱን ሙሉ አንዱንም። እባካችሁ እንዳታስወጡኝ፤ ሌላ መሄጃ የለኝም።”

እንዲህ ስትለምን ራሷን በመስማቷ አፈረች። አስተማሪዋ ተነስታ ቁምሳጥኑ በር ላይ ካለው የነጥብ ዝርዝር የሲስተርን ስም ሰረዘች። ሕግ ሕግ ነው። ሲስተር ቦርሳዋን አነሳች። ቤት እስክትጠበቅ ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ይቀራታል፤ መንገድ ለመንገድ ስትዞር ልትቆይ አሰበች።

“ወዴት ነው ደግሞ?” አለች አስተማሪዋ ቦርሳውን እየተቀበለቻት። “የተሰረዝሽው ከጨዋታው ነው። ከቤታችን ማን አስወጣሽ?”

ፀጉር አስተካካዩ ከሶፋው ላይ ተነሳ። ልብስ ሰፊው ብርድ ልብስ ይዞ መጣና በዚያ በተዘጋ ጉሮሮው እያንሾካሾከ፣ “ጋደም በይ፣ እህቴ” አላት።

ሲስተር ይህን ቃል በቀን ሃምሳ ጊዜ ለሰው ትላለች። ለእሷ መቼ እንደተባለ ግን ልታስታውስ አልቻለችም። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል እንባዋ ቀደማት።