አምስት ቀን በአንድ ጠዋት

ካንግ ሉዋን የቁርስ ቤት ባለቤት ናት። ከትምህርት ቤታችን በር ትይዩ የእንቁላል ቂጣ ትጠቀልላለች፣ የአኩሪ አተር ወተት ታፈላለች፣ ደንበኛውን ሁሉ ደግሞ በምላሷ ትለበልባለች። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሽርጧን አውልቃ፣ የሽንኩርቱ ሽታ እንዲለቃት እጇን በሎሚ አሽታ፣ መንገዱን ተሻግራ ለልጆቻችን ሥዕላዊ መጽሐፍ ታነባለች። ደመወዝ የሚባል ነገር የላትም። ከኛ ያገኘችው ጀርባው ላይ «የተረት አክስት» የሚል የታተመበት ብርቱካናማ ሰደርያ ነው፤ እሱም ጠቧታል።

የተወለደችው እዚሁ የታይዋን ምዕራብ ዳርቻ፣ የባሕር ዛጎል እየፈለፈሉ ከሚሸጡ ሰዎች ቤት ነው። ዘጠነኛ ክፍልን እንደጨረሰች ጫማ ፋብሪካ ገብታ አስር ዓመት ሶል ስትለጥፍ ኖረች። ልጇ አንደኛ ክፍል ሲገባ አስተማሪው እኔ ነበርኩ። «በጠዋት ለልጆች የምታነብ እናት እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ለሃያ ስምንት ቤት ላክሁ፤ የመጣችው እሷ ብቻ ናት።

«አነባለሁ፤ ግን የማላውቀው ቃል ከመጣ እዘለዋለሁ፤ ኋላ እንዳታሳቅቀኝ» አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቃል ዘለለች። ፊት የተቀመጠች አንዲት ሚጢጢ «አክስቴ፣ እዚያ ጋ ‹ጭጋግ› ነው የሚለው» ስትላት፣ ሉዋን ከወንበሯ ተነሥታ ለሚጢጢዋ እጅ ነሣች። እኔ በአስተማሪነት ዘመኔ ለተማሪ እጅ ነሥቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመምህራኑ ሁሉ አስበልጬ የማከብራት እሷን ነው። ልጇ አድጎ ከተማ ከገባ በኋላም አልቀረችም፤ አስራ ሦስት ዓመት ሆናት።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሥዕላዊ መጽሐፍ ሳምንት እናደርጋለን። አቃጇ ሉዋን ናት። እኛ መምህራን ዕቅድ ሲባል ሠንጠረዥ እናሰምራለን፤ እሷ ደንበኛ የሚያዘውን ምግብ ምልክት የሚያደርግባቸውን ወረቀቶች ገልብጣ በጀርባቸው ትጽፍና በልብስ መቆንጠጫ ታያይዛቸዋለች። ባለፈው ዓመት ያቀደችውን አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ። ሰኞ፣ ጭቃ ስለሚፈራው በሬ ተነቦ ልጆቹ ሳፋ ውስጥ ጭቃ ይረግጣሉ። ማክሰኞ ደመና አጥባ ስለምታሰጣው አሮጊት ይነበብና እያንዳንዱ ልጅ አንድ የሚወደውን ቃል ጨርቅ ላይ ጽፎ ግቢው ውስጥ በገመድ ያሰጣል። ረቡዕ ስለ አንድ ሸርጣን ተነቦ ልጆቹ መንገዱን ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ዓሣ ኩሬዎቹ እየተከተሉ ይስላሉ። ዓርብ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የራሳቸውን መጽሐፍ ይሰፋሉ። መጽሐፎቹ ከመነበብ ብዛት ጠርዛቸው አልቆ በፕላስተር የተጠጋገኑ ናቸው፤ ልጆቹ ግን አዲስ ስናመጣላቸው እንኳ እነዚያኑ ይሻሉ።

ሐሙስን ወደ ኋላ ያስቀረሁት ለምክንያት ነው። ሐሙስ የዪን-ቼን ቀን ነበር።

ዪን-ቼን ሦስተኛ ክፍል፣ የእኔ ተማሪ ናት፤ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ስትናገር ትንተባተባለች። ልጆቹ አፏን ከመክፈቷ «ሞተር ሳይክሉ አልነሣ አለ! ግፉት! ግፉት!» ስለሚሏት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ያወጣችበትን ቀን አላስታውስም። ስም ስጠራ እንኳ እጇን ታነሣለች እንጂ «አቤት» አትልም። ሉዋን ግን ሌላ ነገር አስባ ነበር። ቃጭል ስለዋጠች ዳክዬ የሚያወራ መጽሐፍ አለ፤ ሐሙስ ዕለት ከዚያ ውስጥ አንዱን ገጽ ዪን-ቼን በክፍሉ ፊት እንድታነብ ፈለገች። አንድ ገጽ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር። ልጅቷም፣ ምን እንዳለቻት እግዜር ይወቅ፣ እሺ አለች።

አንድ ወር ሙሉ ልጅቷ ሌላ ደንበኛ ሳይገባ ቁርስ ቤቱ እየመጣች ተለማመደች። አንድ ቀን ቀድሜ ደርሼ በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋቸው።

«ዳ… ዳ… ዳክ…»

«ቀስ በይ፤ ዳክዬዋ አውቶቡስ አያመልጣትም።»

«ዳክዬዋ አ… አፏን ስትከፍት ቃ… ቃጭሉ ጮኸ። ጎ… ጎረቤቱ ሁሉ በ… በመስኮት ብቅ አለ።»

«እሺ፣ ከዚያስ ዳክዬዋ ምን አለች?»

«ይህ ድ… ድምፅ የኔ ነው፤ ከ… ከወደዳችሁት ቆዩ።»

«ጎሽ የኔ አንበሳ! ያልወደደ ደግሞ ሂሳቡን ከፍሎ ይውጣ!»

ዪን-ቼን ሳቀች። ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሳምንቱ ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው የትምህርት ጉዳይ ኃላፊያችን ፋንግ እኔንና ሉዋንን ቢሮው ጠራን። ፋንግ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀልልን ነበር። ትሑት ነው፣ ሻይ ራሱ ነው የሚቀዳው።

«አክስት ሉዋን፣ ዕቅድዎ ድንቅ ነው» አላት። «ችግሩ የአውራጃው የንባብ ገምጋሚዎች ዓርብ ይመጣሉ። የሚያዩት መዝገብ ሐሙስ ማታ ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ቀን ስድስት ፎቶ ያስፈልገናል።»

«ሳምንቱ እኮ ገና ሰኞ ነው የሚጀምረው» አለች ሉዋን።

«ልክ ነዎት። ስለዚህ ነገ ጠዋት አምስቱንም ቀን እናነሣዋለን።»

«አምስቱንም ቀን? በአንድ ጠዋት? እንዴ! አምላክ ራሱ እንዲህ አልቸኮለ!»

«ፎቶውን ብቻ። እውነተኛውን ከዚያ በኋላ ተረጋግተን በሰፊው እናደርገዋለን። ቃሌ ነው።»

ሉዋን ወደ እኔ ዞረች። ምን ላድርግ ብላ የጠየቀችው እኔን ነበር፤ እኔም እሺ ይበልጣል ከሺህ ብዬ «ምን አለበት» አልኩ። ካሜራውን የምይዘውም እኔ ነበርኩ።

የረቡዕን ጠዋት ያየ ሰው ይስቅ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጽፌ አነሣለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ልጆቹ ለሰኞ የስፖርት ልብስ፣ ለማክሰኞ ሸሚዝ፣ ለረቡዕ ጃኬት ይለብሳሉ። ሦስት ልጆች እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ነክረው ገና መርገጥ ሲጀምሩ «በቃ፣ ታጠቡ!» ተባሉ። «እንዴ መምህር፣ ገና አልቆሸሽንም እኮ!» ብለው አለቀሱ። ጨርቆቹ ላይ ቃል ለመጻፍ ጊዜ ስላልነበረ ባዶአቸውን ገመድ ላይ ተሰጡ፤ ከሩቅ ስለሚነሡ አይታወቅም። ግማሽ ላይ ፋንግ አንድ ነገር ትዝ አለውና ወንበር ላይ ወጥቶ የግድግዳውን ሰዓት አወረደው፤ ለካ ሰዓቱ በየፎቶው ይታያል፤ አምስቱም ቀን ከሦስት እስከ አራት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ሊያልቅ ነው። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ «ሐሙስ!» ተባለ።

ዪን-ቼን ፀጉሯ ታጥቦ፣ ኮሌታዋ ተተኩሶ ነበር። ለፎቶ ነው ያላት ሰው አልነበረም፤ የኔ ቀን ዛሬ ሆነ ብላ ነው የመጣችው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ገጹን ገለጠች፣ ትንፋሿን ሳበች።

«ዳ… ዳ…»

አነሣሁ። ስትንተባተብ አንገቷ ስለሚወዘወዝ ፎቶው ደበዘዘ። ደግሜ አነሣሁ፤ አሁንም ደበዘዘ።

«ድምፅ አያስፈልግም» አለ ፋንግ በለዘበ ድምፅ። «አፏን ብቻ ከፍታ ትቆይ። ዓርብ እየጠበቀን ነው።»

ልጅቷ ሉዋንን አየቻት። ሁላችንም ሉዋንን አየናት። በሩ ላይ አርባ የዓርብ ልጆች ጃኬት እያወለቁ ይጋፋሉ።

«ለዛሬ አፍሽን ብቻ ክፈቺ፣ የኔ ልጅ» አለች ሉዋን።

ዪን-ቼን አፏን ከፈተች። ሳትንቀሳቀስ ያዘችው። አነሣሁ። ወለል ያለ ፎቶ ወጣ፤ እጄ በተቆረጠ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሉዋን ያን ቀን ከሰዓት ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ለዛሬ ብያታለሁ አይደል? ለዛሬ ነው ያልኳት» አለችኝ። «ብለሻታል» አልኳት።

ገምጋሚዎቹ መዝገባችንን ወደዱት፤ «እጅግ በጣም ጥሩ» አገኘን። ሰኞ ሉዋን ጭቃ በባልዲ ይዛ መጣች። ፋንግ ሻይ ቀዳላትና ተማሪዎቹ ለፈተና እየተዘጋጁ መሆኑን ነገራት።

«የሚቀጥለው ሳምንትስ?»

«አክስት ሉዋን፣ ሳምንቱ እኮ ተደርጓል። መዝገብ ላይ ቀኑ ሰፍሯል፣ ገምጋሚዎቹም ፈርመውበታል። አሁን ብንደግመው የቱ ነው እውነተኛው ሊሉን ነው።»

«ቃሌ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ነበር» አለ ፋንግ፣ ከልቡ እያዘነ። ከዚያ በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ሰጣት። ባልዲውንና ምስጋናውን በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ስትሻገር በመስኮት አየኋት፤ አልተከተልኳትም።

የዪን-ቼን ፎቶ በትልቁ ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፋንግ «ትንሽ ሞቅ ያለ ይሁን» ስላለኝ ሞቅ አደረግሁት። ልጅቷ ቁርስ ቤት መምጣት ተወች። ሉዋን ሁለት ሳምንት ጠብቃት ስትቀር ወደ እኔ መጣች።

«አንድ ክፍለ ጊዜ ስጠኝ» አለች። «የራስህን። መዝገብ ውስጥ የማይገባ። ሳምንቱ ይቅር፤ እሷ ገጿን ታንብብ።»

«የፊታችንን ሐሙስ ውሰጂው» አልኳት። ይህን እንኳ ለመስጠት ሳትለምነኝ በፊት አላሰብኩም ነበር።

በእረፍት ሰዓት አብረን ሄድን። ዪን-ቼን ኮሪደሩ ላይ፣ የራሷ ፎቶ አጠገብ ብቻዋን ቆማ ነበር። ሉዋን ቁጢጥ አለችላት።

«ሐሙስ እውነተኛውን እናነባለን፣ እሺ? ካሜራ የለም። ዳክዬዋ ስትጠብቅሽ ከረመች።»

ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞራ ጣቷን ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«የሦ… የሦስተኛ ክፍል ተ… ተ… ተማሪ ዪን-ቼን…»

ልጆች ተሰበሰቡ። አንዱ «ሞተር ሳይ…» ብሎ ሲጀምር ሉዋን ዞራ አየችውና ዋጠው።

«በክፍል ጓ… ጓደኞቿ ፊት… ያ… ያለ አ… አንዳች መ… መ… መ…»

እዚያች ቃል ላይ ቆየች። አንገቷ ተወዘወዘ፣ ፊቷ ቀላ። ሉዋን እጇን ልትይዛት ስትል ልጅቷ የሉዋንን እጅ መለሰችው። ያችን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን ከእሷ ላላቅቃት ግን የምችል አልነበርኩም።

«…መደናቀፍ ስ… ስታነብ።»

ጣቷን ከግድግዳው አነሣች። ያየችው ሉዋንን አልነበረም፤ እኔን ነው።

«ይኸው አ… አነበብኩ። በ… በቃ?»

«በቃ» አልኳት።