ሰማንያ ቆርኪና የሻዩ ደንብ

በገዛ ቤቴ፣ ጨዋታ መሀል፣ ተነሥተሽ ሻይ አፍይ መባል አልወድም። ድሮም አልወድም ነበር። በደርግ ጊዜ ድሬ ዳዋ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፖከር ስንጫወት ያወጣሁት ደንብ የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

አራት ነበርን። እኔ ባቡር ጣቢያው የጭነት ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። ሌሎቹ አንድ ባቡር ነጂ፣ አንድ የሒሳብ አስተማሪና ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ሶማሌ ወዳጃችን ናቸው። ፖከር ያስተማረን ሱቁ ተወርሶበት አገሩ የገባ ሽማግሌ ግሪክ ነበር፤ ካርታውንም ለእኛ ትቶልን ሄደ። ከካርታው አንድ ሰባት ቁጥር ጎድሎ ስለነበር አስተማሪው ከሲጋራ ካርቶን ቆርጦ ሠራለት። ሰባቱ ማን እጅ እንደገባ ሁላችንም እናያለን፣ ግን እንዳላየን ሆነን እንጫወታለን።

በብር አንጫወትም። ቁማር ያሳስራል፣ ደግሞ ብሩስ የት አለና። የምንጫወተው በለስላሳ ቆርኪ ነው። መጀመሪያ ላይ ጨዋታችን ማለቂያ አልነበረውም። የተበላው ከጎረቤቱ ይበደራል፣ የበላው ይኩራራል፣ ሰዓት እላፊ ሲቃረብ ሁሉም ተኳርፎ ይበተናል። እኔ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነኝና መሀል ላይ እየተነሣሁ ሻይ አፈላለሁ። አንድ ቀን ሦስት ንጉሥ ደፍቼ ወደ ምድጃው ሄድኩ። ስመለስ "ቆይተሽብን ዘለልንሽ" አሉኝ። ያን ሌሊት ከንዴት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ በተበላሸ የጭነት ወረቀት ጀርባ ላይ ደንቡን በታይፕ መታሁት። ለእያንዳንዱ ሰው ሰማንያ ቆርኪ፣ ለማንም አይበዛ፣ ለማንም አያንስ። ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁሉም አንድ አንድ ቆርኪ ያስቀምጣል። ስንጫወት በቴፕ የምንከፍተው ካሴት አንድ ፊቱ ሲያልቅ መግቢያው ሁለት ይሆናል፣ ካሴቱ ተገልብጦ ሲያልቅ አራት፣ እንዲህ እያለ ይወደዳል። መግቢያው ሲወደድ አድፍጦ መቀመጥ አያዋጣም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ቆርኪው ያለቀበት አይበደርም፣ ተመልሶም አይገባም። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ ከሁሉ ቀድሞ የወጣ ሻይ ያፈላል፣ ማንም ይሁን ማን። ወንዶቹ ሳቁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን አስተማሪው አፉን ሞልቶ "ሻይ ደርሷል" ሲል ሰማሁት። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

እናቴ ጓዳ ውስጥ ጋደም ብላ ታዳምጠን ነበር። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ጨዋታውን የምትከታተለው በጆሮዋ ነው፤ ቆርኪ ሲንሸራተት ሰምታ "ዛሬ ነጋዴው ቀንቶታል" ትላለች። አዲስ አበባ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ለመሄድ ግን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ማመልከቻዬ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ጋር ሊቀመንበሩ ዘንድ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ነበር፤ በሄድኩ ቁጥር "ነገ ነይ" ይለኛል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ። በሩን ለሙቀቱም፣ ሰው እንዳያማንም ብለን ከፍተነው ነበር። ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመና "ስብሰባ ነው?" አለ።

"ጨዋታ ነው ጓድ ሊቀመንበር፤ ደንቡ እዚያ ተለጥፏል" አልኩት።

ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ወንበር ስቦ "እኔም ልሞክራ" አለ። ማን እምቢ ይላል? ሰማንያ ቆርኪ ቆጥሬ ሰጠሁት።

አጨዋወቱ የሚገርም ነበር። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንደሚባለው፣ ምንም ሳይይዝ ቆርኪውን ይወረውራል፤ የሚደፍረው ያለ አልመሰለውም። ባቡር ነጂው እየፈራም ቢሆን ይከተለዋል፣ ይበላዋል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ፊት ያሳያል። ካሴቱ ገና አንድ ጊዜ ከመገልበጡ ሊቀመንበሩ ፊት አንድም ቆርኪ አልቀረም።

"ሃያ አበድሩኝ" አለ እጁን ዘርግቶ።

ነጋዴው የራሱን ክምር ገፋ አደረገለት። "ከእኔ ውሰድ ጓድ፣ ወላሂ ችግር የለም።"

"ብድር የለም" አልኩ።

"አቦ ተይው፣ ቆርኪ እኮ ነው" አለኝ ነጋዴው ቀስ ብሎ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። "ወረቀትሽ እኔ ጋ መሆኑን ታውቂያለሽ አይደል?"

ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። እጄ ወደ ክምሬ ሄዶ ቆርኪ መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ አሥር ደርሻለሁ። የእናቴ ዓይን ነው። አሥራ አንደኛውን ሳነሣ ከጓዳ ድምፅዋ መጣ።

"ስለ እኔ ዓይን ከሆነ የምትደራደሩት፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም" አለች። "ደንብ ደንብ ነው። ሻዩን እሱ ያፍላ። ለእኔ ስኳር ሁለት።"

ቆርኪዎቹን መልሼ ክምሩ ላይ አደረግኳቸው።

"አንቺ የቤቱ ሴት እያለሽ?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"እኔ ገና አልወጣሁም" አልኩት።

ለምን እንደተነሣ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት አምስት ሰው ፊት ደንብ አፍርሶ መሄድ አሳፍሮት ይሆናል። የላምባ ምድጃውን ለማቀጣጠል ስምንት ክብሪት ፈጀ፤ ማንም ሄዶ አላሳየውም። ሻዩን አዞረ። ለእናቴ ጓዳ ድረስ ወሰደላት። ቀምሳ "ስኳሯ አንዲት ናት፤ ሁለት ነበር ያልኩት" ስትለው ሰማን። የመንደሩን ስኳር በራሽን የሚያድለው እሱ ነበር። ተመልሶ ጨመረላት፣ ደብተሩን አነሣና ወጣ።

ወረቀቱን ለአምስት ወር አልፈረመም። ቀጠሮው አለፈ። በመጨረሻ ፈርሞልን አዲስ አበባ ስንደርስ ቀኝ ዓይኗ ዳነ፤ ግራው ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ "ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ሊቀመንበሩን አልማርኩትም፤ አልምረውምም። ራሴን ግን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሃያ ቆርኪ ነበር። በዓይን የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ይህን እያወቅሁ ነው ክምሬ ላይ የመለስኩት። ያንገበግበኛል።

በተመለስን በሁለተኛው ቅዳሜ እናቴ ከጓዳ ወጥታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። "እኔም ልጫወት፤ ስሰማችሁ ኖሬ ሰልችቶኛል" አለች። ወንዶቹ ተሽቀዳድመው ቦታ ለቀቁላት። እኔ ቆርኪዋን ቆጠርኩላት። ስንት እንደሰጠኋት ሌሎቹ አላዩም። እሷ ግን ካርታ ሳትነካ ቆርኪዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ እየገፋች ቆጠረች። መቶ ነበሩ።

ሃያውን ለይታ ወደ እኔ መለሰቻቸው።

"ለሱ የከለከልሽውን ለእኔ ትሰጫለሽ?" አለችኝ። "ታዲያ ዓይኔ በምን ሄደ?"

ሃያዎቹን ወደ ከረጢቱ መለስኩ፣ ነጋዴው ካርታውን አደለ። ያን ዕለት ከሁሉም ቀድማ የወጣችው እሷ ነበረች። ከወንበሬ ልነሣ ስል ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝና እንደ ድሮ ልማዷ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ ምድጃው ሄደች። ለእኔ ስኳር ሁለት አድርጋ አመጣችልኝ።