የመርከቧ ሞተር

ባለፈው እሁድ በምሠራበት የባሕር ዳር ሬዲዮ አንድ የሙዚቃ አልበም ገምግሜ ከስቱዲዮ ስወጣ ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ አሁን ግን ፕሮግራሙን ሰምቷል ብዬ የምጠረጥረውን ሰው ሁሉ ከሩቅ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። አልበሙ በልጅነታችን በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ የአንድ የውጭ አገር ተከታታይ የጠፈር ፊልም ማጀቢያ ነው። ድምፁ ጠርቶ እንደገና መውጣቱን ስሰማ ተጣድፌ አዳመጥኩት። ጥሩንባው አለ፣ ቫዮሊኑ አለ፣ ሆድ የሚያባባው ኦርጋንም በቦታው ነው። ከሁሉም ሥር ዱግ ዱግ ዱግ እያለ ይመታ የነበረው የጠፈር መርከቧ ሞተር ግን የለም።

ፊልሙን ያየሁት ፍኖተ ሰላም፣ እትየ ዘይነባ ቤት ነው። እትየ ዘይነባ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያላቸው እሳቸው ብቻ ሲሆኑ ቤታቸው ከአባቴ ወፍጮ ቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይገናኛል። ምንጣፋቸውን ያልታጠበ እግር አይረግጠውምና ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ልጆች በራቸው ላይ ተሰልፈን፣ እግራችንን በየተራ ታጥበን፣ ውሃው ሳይደርቅልን እየተገፋፋን እንገባለን። ተዋናዮቹ ከሚናገሩት ቋንቋ አንዲት ቃል ስለማትገባን የሚሆነውን ሁሉ የሚነግረን ሙዚቃው ነበር፤ ቫዮሊኑ ብቻውን ሲቀር ሰው ሊሞት ነው፣ ጥሩንባው ሲጮህ ዓይን መሸፈን ነው። ከግድግዳው ማዶ የቡሬ በርበሬ የሚፈጭ ከሆነ ደግሞ የጠፈር ጦርነቱን በማስነጠስ እናጅበዋለን፤ እኔማ ብዙ ዘመን ጠፈር የሚያስነጥስ አገር ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ በሬዲዮ ምን አልኩ? "ይህን አልበም ያጸዱት ሰዎች ልቡን አብረው ጠርገው ጥለውታል" አልኩ። የሙዚቃው ደራሲ ሞተር ነፍስ እንዳለው የገባው ታላቅ ሰው እንደነበር፣ ያንን ምት እየሰማሁ ማደጌ ለሙያዬ እንዳበቃኝ ተነተንኩ፤ ከአሥር አራት ሰጥቼም አሰናበትኩት። ከደምበጫ የደወለ አንድ አድማጭ ድምፁ ለእሱም ትዝ እንደሚለው መሰከረልኝ። ምን እንደሰማ እግዜር ይወቀው።

ከስቱዲዮ እንደወጣሁ ታናሽ ወንድሜ ጌትነት ደወለ። እዚያው ፍኖተ ሰላም ኖሮ የአባታችንን ወፍጮ ቤት የሚያሠራው እሱ ነው።

"እትየ፣ ምን ነካሽ?" አለኝ፤ ሳቁ አላናግር ብሎታል። "የኛ ወፍጮ እኮ ነው! ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ አባባ በግድግዳው ላይ ሽቦ አሾልከው፣ ከሞተሩ ዲናሞ ለእትየ ዘይነባ ቴሌቪዥን መብራት ይሰጡ አልነበር? ረሳሽው፣ አንች?"

እኔም ሳቅሁ። የሚያስቅ ነገር ነው። ጌትነት ግን ቀጠለ፤ "እህሉ አልቆ አስፈጪው ሁሉ ከሄደ በኋላ እንኳ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቺንጋ ፈትተው ሞተሩን ባዶውን ያስነሱት ነበር፣ እናንተ ፊልሙን እስክትጨርሱ። እማ በናፍጣው ስንቴ ተቆጥታቸዋለች።"

ያን ጊዜ ሳቄ ቀጥ አለ። መሳሳቴ አይደለም ያሳፈረኝ፤ ሰው ይሳሳታል። የአባቴን ድምፅ ሰምቼ አለማወቄ፣ ያውም አድንቄ፣ አመስግኜ፣ ለማላውቀው የባዕድ አገር ሰው ማስረከቤ ነው። ጆሮሽን ማን ሠራልሽ ሲሉኝ የደብሩን ከበሮና የካሴት ቤቶቹን እንጂ ወፍጮ ቤቱን በዚያ ሬዲዮ አንድም ቀን ጠርቼው አላውቅም።

በማግሥቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ተሳፈርኩ። ቡሬ ላይ የተሰጣው በርበሬ ሽታ በመስኮት ሲገባ አስነጠሰኝ፤ አልበሙን በጆሮዬ እያዳመጥኩ ስለነበር ሙዚቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሞላልኝ። ስደርስ የእትየ ዘይነባ ቤት የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ወፍጮው በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ድምፁም የንብ ነው። አሮጌው ሞተር ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ተኝታበታለች። አስነሡልኝና ድምፁን ልቅዳው ብል ጌትነት ነክሶ ከቆመ ስንት ዘመኑ አለኝ።

አባቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጆሯቸውን ያ ሞተር ከወሰደው ቆይቷልና አፌን አስጠግቼ፣ ጎረቤት እየሰማኝ፣ የሬዲዮውን ነገር ሁሉ እየጮህኩ ተናገርኩ። መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቀጥዬ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ የመክፈቻውን ሙዚቃ እስከ ጥግ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ማዳመጫውን አውልቀው ሰጡኝ።

"ለመሆኑ ያ ፊልም ዘፈን ነበረው እንዴ?" አሉ።

"ነበረው እንጅ፣ አባባ! አይሰሙትም ነበር?"

"ከሞተሩ ሥር ቁሜ የት እሰማዋለሁ? እኔ ማለቁን የማውቀው አንች ስትወጭ ነበር። ስትወጭ አጠፋዋለሁ።"

የፊታችን እሁድ ማረሚያ አቀርባለሁ። ለአልበሙ ከአሥር ስንት እንደምሰጠው ግን አሁንም አላውቅም። ያን ዕለት አባቴ አጠገብ ማዳመጫውን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ቀና ብዬ እሳቸውን ለማየት ግን አልቻልኩም።