ቤይሩት ላይ ጥያቄ የለየሁበት ክረምት

አሰላን ልለቅ በዋዜማው ምሽት ቤታችን ሠርግም ለቅሶም ይመስል ነበር። ግማሹ ጎረቤት እኔን ይመርቃል፣ ግማሹ እናቴን ያጽናናል። እናቴ ግን ለማንም ጊዜ አልነበራትም፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ እያሸች ለመንገዴ ጭኮ ታዘጋጃለች።

«እማዬ፣ እዚያም እኮ ምግብ አለ» አልኳት።

«የሰው አገር ምግብ ነዋ!» አለችኝ ቀና ሳትል።

አባቴ ከጎበሳ መጥቶ አሰላ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሰዉ ቀለል ሲል አጠገቡ አስቀምጦ «የሺ፣ ያን ፈተና ባታልፊስ?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። አሰላ ላይ ሦስት ዓመት ሒሳብ ካስተማርኩ በኋላ ነው ቤይሩት ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለኝ፤ ግን በሙከራ ነው። አምስት ወር የዝግጅት ትምህርት፣ ከዚያ አንድ የመግቢያ ፈተና። ያለፈ ይገባል፣ የወደቀ አገሩ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

«አልፋለሁ፣ አባባ» አልኩት። ጉራ አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ፈተና አሸንፎኝ አያውቅም።

በማለዳ እህል በጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ወጣሁ። የአባቴ ደንበኛ ኦቦ ቱፋ ከጭላሎ ሥር ድረስ ሊሰናበቱኝ መጥተው «ናጋን ገሊ» ብለው መረቁኝ፤ በሰላም ግቢ ማለታቸው ነው። ኢተያን አልፈን ወደ አዋሽ ቆላ ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ፣ ከአገሬ የወጣሁት ያኔ መሰለኝ።

ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ የጉምሩክ ሹም ሻንጣዬን ከፍቶ ጭኮውን አወጣና አሸተተው።

«ሳሙና ነው?»

«ምግብ ነው።»

«ይህ ምግብ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ። ብዪ፣ ልይሽ።»

ቆረስኩና በላሁለት። አላመነም፤ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ራሱ ቀመሰ፣ ደገመ። ሦስተኛ ሲቆርስ ወደ ሹሙ ዞሬ «አባታችን፣ ለኔም ተዉልኝ እንጂ!» አልኩት በእንግሊዝኛ። ሳቁና አሳለፉኝ፤ ጭኮው ግን ጎድሎ ነው የገባው።

ክፍል ያከራዩኝ ማዳም ሲራኑሽ የሚባሉ አርመናዊት ባልቴት ናቸው። ገና ቁልፉን ሳይሰጡኝ «ሙቅ ውሃ ቅዳሜ ብቻ» አሉኝ።

«ሌላውን ቀንስ?»

«ሌላውን ቀን መስኮት ክፈቺ፤ ዝናቡ ነፃ ነው።»

ዝናቡስ እውነትም ነፃ ነበር! እዚያ ክረምት የሚገባው በእኛ ገና ሰሞን ነው፤ ሁሉ ነገር የተገላቢጦሽ። የአሰላን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ደርባችሁ ትገላገሉታላችሁ። የቤይሩት ብርድ ግን ከባሕሩ እርጥበት ጋር መጥቶ አልጋ ውስጥ አብሯችሁ ይተኛል። ኹብዝ የሚሉት ቂጣቸው ሲያዩት እንጀራ ይመስላል፣ ሲጎርሱት ጨርቅ ነው። ሰላምታቸውም «ማርሓባ» ብቻ ነው፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው እንዴት ከረመ የሚል የለም። ምላሼን አዘጋጅቼ ስዞር ሰውዬው ሄዷል።

ወደ ፈተናው ልመለስ፤ ከኋላዬ የምትመጡ ስላላችሁ ይህን ደኅና አድርጋችሁ አንብቡት።

የዝግጅት ክፍሉ ወፍራም የልምምድ ጥራዝ ሰጠን። እንግሊዝኛው፣ አልጀብራው፣ ጂኦሜትሪው፣ ቀላሉም ከባዱም ተደባልቆ፣ ከየጥያቄው ሥር አራት አራት ምርጫ ያለው ነው። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እያገላበጥኩ የማውቀውን ብቻ ሠራሁ። የትክክል ምልክቱን በገጹ ሙሉ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ይህን ደስታ ይዤ እተኛለሁ። የመጀመሪያው የሙከራ ፈተና ሲመጣ ግማሹን እንኳ አላገኘሁም።

ሒሳብ የሚያስተምሩን፣ ሁላችንም ኡስታዝ የምንላቸው ሽማግሌ ጠሩኝ።

«ሚስ የሺ፣ ደብተርሽ ውስጥ አንድም ስህተት የለም።»

«አመሰግናለሁ፣ ኡስታዝ።»

«አላመሰገንኩሽም። ስህተት የሌለው ደብተር የያዘ ተማሪ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ያን ለመሥራት እዚህ ድረስ ምን አመጣሽ?»

አፈርኩ። በእልህ ታደሰን ተጠጋሁ። ታደሰ የሐረር ልጅ ነው፤ ከክፍላችን ኢትዮጵያውያን እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ጭንቅላቱ የሚያስቀና ነበር። ከጥራዙ መጨረሻ ከባድ ከባዱን ብቻ ይመርጣል። «ከባዱን የቻለ ሰው ቀላሉ መች ይጠፋዋል?» ይለኛል። ሦስት ሳምንት ተከተልኩት። በአንዲት የክብ ጥያቄ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፤ መልሱን አይቼም አልገባኝም። በሁለተኛው ሙከራ ድሮ የማውቀው ሁሉ እየተምታታብኝ ውጤቴ ከፊተኛው አነሰ። የቀረኝ ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ነው።

ያን ቅዳሜ ጥራዙን ዘግቼ ተቀመጥኩና አሰላ ያሉ ተማሪዎቼን አሰብኩ። ለመሆኑ መቀነስ ያልቻለ ልጅ ላይ ማካፈል ጭኜ አውቃለሁ? አላውቅም። መቁጠር የቻለውንስ ዓመቱን ሙሉ ሲያስቆጥሩት የኖረ መምህር አለ? ለሰው ልጅ የማላደርገውን በራሴ ላይ አድርጌ ነበር።

ፍጥነቴን ልለካበት የማዳምን የወጥ ቤት ሰዓት ለመንኩ። «ሰዓቴ ከክፍልሽ ኪራይ ጋር አልተከራየም» አሉኝ፤ ሳህን አጥቤ ወሰድኩት። ከዚያ ጥራዙን ከመጀመሪያው ገጽ አንስቼ በየጥያቄው ላይ በእርሳስ ጭረት አደረግሁ። ቶሎ ሠርቼ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማስረዳት የምችለው አንድ ጭረት፤ እየታገልኩ የማገኘው ወይም ለጥቂት የምስተው ሁለት፤ ምን እንደሚጠይቅ እንኳ ያልገባኝ ሦስት። ቀላል ይመስላል፤ ከባዱ ለራስ አለመዋሸት ነው። ገምቼ ያገኘሁትን አንድ ጭረት ልስጠው እያልኩ ስንቴ እርሳሴን አነሳሁ! ማስረዳት ካልቻልኩ ግን፣ ትክክልም ቢሆን ሁለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ባለ አንድ ጭረቱን ለፍጥነት ጥቂት እሠራለሁ። ቀኑን በሙሉ የማውለው ባለ ሁለቱ ላይ ነው። ባለ ሦስት ጭረት በቀን አንድ ብቻ፤ እሱንም ይዤ ኡስታዝ ዘንድ እሄዳለሁ። አንዱ ሲገባኝ ጭረት አጠፋለታለሁ።

ታደሰ አይቶኝ ሳቀ። «አንቺ ፈተና ነው የምታጠኚው ወይስ ምስር ነው የምትለቅሚው?»

«ያልተለቀመ ምስር ጥርስ ይሰብራል» አልኩት።

በሦስተኛው ሙከራ ውጤቴ ከሁለቱም በለጠ፤ ኡስታዝ ወረቀቴን ሲመልሱልኝ ደብተሬን ገልጠው ስህተቶቼን አዩና በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋናው ፈተና ለእኔ ያኔ ያለቀ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፌ ተመለሰ።

የፈተናው ቀን አራተኛዋ ጥያቄ ላይ ስደርስ ባለ ሦስት ጭረት እንደሆነች ወዲያው አወቅኋት። ዘለልኳትና ወደፊት ሄድኩ። ከፊቴ የተቀመጠው ታደሰ ግን ወረቀቱን አልገለጠም። ልጮህለት ፈለግሁ። ደወሉ ሲደወል ሁለት ገጽ ይቀረው ነበር።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የእኔ ስም አለ፣ የእሱ የለም። ይህን ለትሕትና አልልም፤ ከእኔ እሱ ይበልጣል። «አራተኛዋን ግን አግኝቻታለሁ» ብሎኝ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። በሳምንቱ ተሳፈረ።

ለአባቴ ቴሌግራም ልኬ አሰላ ስልክ ቤት የሚጠብቁኝን ቀን ነገርኳቸው። በቀኑ ከቤይሩት ስልክ ቤት ስደውል የአባቴ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ።

«የሺ! አለፍሽ?»

«አለፍኩ፣ አባባ!»

«ተመስገን። ታዲያ መቼ ትመጫለሽ?»

«ትምህርቱ አራት ዓመት ነው።»

  «አራት» አለና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት። ስልክ ይዛ አታውቅም።

«ቀጥነሻል?» አለችኝ።

«በስልክ አይታይም እኮ፣ እማዬ።»

«በድምፅሽ ያስታውቃል።»

«አልቀጠንኩም» ብዬ ጮህኩ፤ መስመሩ ግን ሄዷል፤ ትስማ አትስማ አላወቅሁም። የስልክ ቤቷ ልጅ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ኸላስ?» አለችኝ፤ አለቀ ወይ ማለቷ ነው። እጀታውን እንደያዝኩ ቆምኩ።