ጃተኒ በክር የላከው ሰላምታ

የልጅ ልጄ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ያከራያል። ባለፈው እሑድ ከሥራ ጓደኛው ጋር ሳሎኔ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። የተጣሉት ከዳቦ በማትበልጥ አንዲት አዲስ አምፕሊፋየር ነው። እንደ ነገሩኝ ከሆነ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ዓይን ተርገብግቦ እስኪያበቃ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ስለዚህ አትግልም፣ መብራትም አትፈጅም። ጓደኛው «ድምፅዋ ደረቅ ነው፣ ነፍስ የለውም» ይላል። የልጅ ልጄ «ጆሮህን ታጠብ!» ይለዋል። አንዱን ዘፈን ይጀምሩታል፣ ያቋርጡታል፣ ሞንታርቦውን ነቅለው ከአሮጌው አምፕሊፋየር ጋር ያገናኙታል፣ እንደገና ይጀምሩታል። እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ስሰማቸው ደከመኝ። ይህን ክርክር አውቀዋለሁ። የዕቃው ስም ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ያኔ ነገሌ ቦረና ነበርኩ። አባቴ ከመንዝ የመጣ ወታደር ስለነበር ተወልጄ ያደግኩት ከጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ነው። ሃያዎቹን ስጀምር ወይዘሮ ዘነበች ቡና ቤት ሸክላ አጫዋች ሆኜ ተቀጠርኩ። ወይዘሮ ዘነበች ባላቸው አሥር አለቃ ነበር፤ ሞቶባቸዋል። እናታቸው ቦረና፣ አባታቸው ጎጃሜ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራሉ፣ በሁለቱም ይሳደባሉ። በቤታቸው አንድ ትልቅ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ነበር። ሲከፍቱት ቶሎ አይናገርም። መጀመሪያ አምፖል የሚመስሉት ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ይቀላሉ፣ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፣ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እወደው ነበር። በብርድ ጊዜ እጄንም አሞቅበታለሁ።

ጓደኛዬ ተሾመ የጦር ሰፈሩ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። በሞያሌ በኩል፣ በከብት መኪና፣ ቫልቭ የሌለው አንድ ትንሽ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር አስመጣና ከእኔው ጎን አስቀመጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለም። እኔ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጆሮ ይወጋል እላለሁ። እሱ «ያንተው ወፍራም የመሰለህ ሁሉን ነገር ስለሚያድበሰብስ ነው» ይለኛል። ለማስረጃ የሚያመጣው ከሬዲዮ በቴፕ የቀዳው አንድ የዘፈን ክር ነበረው፤ ሲቀዳው ምንም ጩኸት ያልገባበት፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው። ደንበኛው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። ወታደሮቹ ወደ እሱ አደሉ፣ ከሻኪሶ የሚመጡት የወርቅ ነጋዴዎች ወደ እኔ። ማካሮኒ የሚበላው ሰው እንኳ ሹካውን አስቀምጦ ይፈርዳል። ወራት እንዲህ አለፉ። አሁን ሳስበው ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣነው እላለሁ።

የጃተኒ እናት ከአሬሮ የመጡት ቦናው በጠናበት ጊዜ ነው። ቦና የሚሉት ደረቁን ወቅት ነው፤ ያን ዓመት ደግሞ ዝናቡ ዘግይቶ የአሬሮ መንገድ ቀይ ዱቄት ሆኖ ነበር። ጃተኒ ለእናቱ አንድ ነው። ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ቆይቷል፤ ሞቷል የሚል ወሬም አሬሮ ገብቷል። በዚህ መሃል ለፈቃድ የመጣ አንድ ወታደር ከጃተኒ የተላከ የቴፕ ክር ለወይዘሮ ዘነበች አደረሰ። ከእሳቸው ቤት ሌላ ያን ክር የሚያጫውት ቴፕ ያለው አልነበረም። ደብዳቤ ቢጽፍ የሚጽፈው በአማርኛ ነው፤ እናቱ ደግሞ ማንበብ አይችሉም፣ አማርኛም አይሰሙም። ስለዚህ ድምፁን ላከ። ወይዘሮ ዘነበች በከብት ነጋዴ መልእክት ላኩባቸው፤ ፍየል በጫነ መኪና ላይ ወጥተው መጡ።

የደረሱት ረፋድ ላይ ነው። ሻሻቸውም፣ ቅንድባቸውም አቧራ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ወተት የበዛበት ሻይ በብርጭቆ ሰጧቸው፤ በሁለት እጃቸው ያዙት እንጂ አልጠጡትም። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል የቴፑ የራሱ ድምፅ አይበቃቸውም፤ በአምፕሊፋየር ማሰማት ነበረብን። በየትኛው? ጭቅጭቁ እንደገና ተጀመረ።

«የሰው ድምፅ ነው፤ ጥራት ይፈልጋል» አለ ተሾመ። ይህን ሲለኝ የቴፑን ስፒና ከራሱ አምፕሊፋየር ጋር ሰክቶ ጨርሷል።

ክሩን አስቀድሞ ሞክሮት ነበር። «መሃል መሃሉ ባዶ ነው፤ ሲቀዱ አበላሽተውታል» ብሎኛል፤ እኔም አመንኩት። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ በጣቱ ክሩን ወደፊት እየነዳ ያሳልፈዋል። ከትንሹ አምፕሊፋየር የጃተኒ ድምፅ ወጣ። «ሀዳ ኮ፣ ናጋ? ሎን ናጋ? ኦላን ናጋ? ቦካን ሮቤ?» ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ እያለ፣ እናቱን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን፣ ሁሉን ባንድ ትንፋሽ ጠየቀ።

እናቱ ራሳቸውን ወዘወዙ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ወይዘሮ ዘነበች ለተሾመ ተረጎሙለት።

«ይሄ ልጄ አይደለም ነው የሚሉት።»

«አላልኩህም?» አልኩት፣ እዚያው በሳቸው ፊት። «ትራንዚስተር ድምፅ ይገድላል።» ስፒናውን ነቅዬ ከእኔው ጋር ሰካሁ። ድምፁ ሞላ ብሎ፣ ሞቅ ብሎ መጣ። ተሾመም ባዶውን እየዘለለ ያንኑ ሰላምታ አሰማቸው።

እናትየዋ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ሌላ ሰው ነው ያስናገራችሁልኝ» አሉ። «ጃተኒ ሞቷል። ደብቃችሁኛል።» በልብሳቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ግን ወጣትነት ክፉ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ክርክሩን አልተውነውም። «ቫልቭህ አፍኖት ነው!» ይለኛል። «መጀመሪያ ያስደነገጣቸው ያንተው ነው!» እለዋለሁ። ክሩን ወደ ኋላ መለስነው፣ ቴፑን ከፈትነው፣ ከዚያ አንዱ ሲሰካ አንዱ ሲነቅል፣ እጅ ለእጅ ስንቀማማ፣ ወይዘሮ ዘነበች ሁለታችንንም እየገፉ ወደ በር አወጡን። ቴፑ ብቻውን ቀረ። ክሩን የሚነዳው ሰው አልነበረም።

«ናጋ?» አለ ጃተኒ ከውስጥ። ከዚያ ዝም አለ።

ዝምታው ነው እኛንም ዝም ያሰኘን። ዞር ስንል እናትየዋ ልብሱን ከፊታቸው አውርደዋል።

«ናጋ» አሉ ቀስ ብለው።

«ሎን ናጋ?»

ያን ዓመት ከብታቸው አልቋል። ግን ሰላምታ በሰላም ነው የሚመለስ፤ መከራው የሚነገረው ኋላ፣ ቁጭ ከተባለ ወዲያ ነው። «ናጋ» አሉ። ድምፁ መልሳቸውን እስኪጨርሱ ቆየና ስለ ጎረቤት ጠየቀ። መለሱለት። ስለ ዝናቡ ጠየቀ። እዚህ ላይ መናገር አቃታቸው። ድምፁም ጠበቃቸው። ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደሚቀጥለው አለፈ።

«እሱ ነው» አሉ። እንባቸው በአቧራው ላይ ወረደ። «ቅድም ሰላም ሲል የነበረው ሰው መልስ አይጠብቅም። እኔ ልጄን እንደዚያ አላሳደግኩትም።»

እኔ አለቀስኩ። ተሾመ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ክሩ ሲያልቅ እናትየዋ ልመልስለት አሉ። ባዶ ክር በቤቱ አልነበረም። ተሾመ ያን ለማስረጃ የሚያመጣውን የዘፈን ክሩን ከኪሱ አውጥቶ ማሽኑ ላይ አደረገው፤ ማይክሮፎኑንም ወደ አፋቸው አስጠጋላቸው። እሳቸውም ጠየቁት፤ እየጠየቁም ዝም እያሉ ጠበቁት። ሁለታችን እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ያ ሁሉ ዘፈን በእሳቸው ዝምታ እየተሰረዘ ሄደ። በየዝምታው መሃል ውጭ የፍየሎቹ ጩኸት፣ የመኪናው ጥሩምባ ይገባል፤ ተሾመ «ጥራቱ» አላለም። ሰላምታው ሲያልቅ ስለ ከብቱ ነገሩት፣ ኤላ ስለሚሉት ጉድጓድ ውኃም፣ አንዲት ላም መትረፏንም። መጨረሻ ላይ «ዮም ዱፍታ?» አሉት። መቼ ትመጣለህ ማለታቸው ነው።

እና ጠበቁ። ተሾመ ማሽኑን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ወይዘሮ ዘነበች ያዙት። ክሩ አልቆ ጫፉ ማሽኑን ጠፍ ጠፍ ያደርገው ጀመር። እሳቸው ገና እየጠበቁ ነበር።

ክሩን ወደ ሰሜን ለሚሄድ ወታደር ሰጠነው። መድረሱን አላውቅም። ነገሌን እስከለቀቅኩ ድረስ መልስ አልመጣም፤ ጃተኒም አልመጣም። እናቱ ግን መኪና ባገኙ ቁጥር ይመጡ ነበር። የልጃቸውን ክር እንከፍትላቸዋለን፣ እሳቸውም እንደ አዲስ አንድ በአንድ ይመልሱለታል። እኔና ተሾመ ሁለተኛ በአምፕሊፋየር አልተከራከርንም። አልታረቅንም፤ ደከመን እንጂ።

ይህን የዚያን እሑድ፣ ጓደኛው ባለበት፣ ለልጅ ልጄ ነገርኩት። አዳምጦ ሲያበቃ «አባባ፣ ልጃቸውን ሲያውቁት ግን የተሰካው የትኛው ነበር? ቫልቩ ነው ትራንዚስተሩ?» አለኝ።

በዚያ ግብግብ መሃል የትኛው እንደተሰካ ማንም አላየም።

«እኔ እንጃ» አልኩት። «እባክህ ልጄ፣ ያን ዘፈን አንዴ እስከ መጨረሻው ተውልኝ።»

ከፈተው። ዘፈኑ አለቀ፤ ሁለቱም ወዲያው አልተናገሩም።