በጸሎት ሰዓት የገባ ደመና

በየጠዋቱ ጸሎቴን እንዳደረስኩ ስልኬን ከፍቼ የአየሩን ትንበያ አያለሁ። አምስተርዳም ውስጥ ካለው ሰፈሬ፣ ከስሎተርቫርት፣ በብስክሌት ወጥቼ አረጋውያንን ከቤት ቤት እየዞርኩ የማጥብና የማለብስ ሴት ነኝ። ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ሳላውቅ ከወጣሁ ቀኑን ሙሉ በእርጥብ ካልሲ መዋሌ ነው። እዚህ አገር ትንበያ ማየት ፊት እንደ መታጠብ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም።

ልብ ያሉት አማቴ ናቸው። ባለፈው ዓመት በሰኔ ጾም፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው ደጋ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጡ። አንድ ጠዋት መቁጠሪያቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና ስልኬን በዓይናቸው ጠቆሙ።

«ምን ይላል?»

«ከሰዓት በኋላ ይዘንባል ይላል፣ እማማ።»

«ማን ነው የነገረው?»

«ተለክቶ ነው። ነፋሱንና ሙቀቱን ይለካሉ።»

«ጠንቋዩም ለክቼ ነው ይላል። ጠጠሩን በትኖ።»

«ይሄ እንደሱ አይደለም።»

«ስቶ አያውቅም?»

«አንዳንዴ ይስታል።»

«እንግዲያው እንደሱ ነው» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንበያውን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ማየት ጀመርኩ።

ባሕር አይተው አያውቁም። «ባሕር ባሕር ሲባል እየሰማሁ አረጀሁ፤ አሳዩኝና ልሂድ» ይሉ ነበር። ባሌ ሮተርዳም ወደብ በፈረቃ ስለሚሠራ ያን ዓርብ ፈቃድ አላገኘም። ጎህ ሲቀድ ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝና «እናቴን አደራ» አለኝ። በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመናችን አደራ ሲል የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። የሚቀልድበት ቃል አይደለም።

ትንበያውን ደጋግሜ አይቼው ነበር። አምስተርዳም ላይ የሚያነድ ሙቀት ነው። ለባሕሩ ዳርቻ ግን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር ሲዞር አንዳንድ ቦታ ዝቅ ያለ ደመና ሊገባ ይችላል ይላል። እኔ ደስ አለኝ። እኔ የማውቀው ደመና ከላይ የሚሆን ነገር ነው፤ ወይ ያዘንባል፣ ወይ ያጠላል። በጾም ሆዳቸው ፀሐይ ላይ ለሚቀመጡ ሴት ጥላ ቢመጣላቸው ምን ይከፋል? እንዲያውም ቀኑን የመረጥኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ሮተርዳም የምትማረው ልጃችን ዴን ሃግ ጣቢያ ላይ ጠበቀችን። በእጄ የተሸከምኩትን የአያቷን ወፍራም ጃኬት ስታይ ዓይኗን ወደ ላይ ገለበጠች።

«በዚህ ሙቀት ጃኬት? ማማ፣ ዱ ኖርማል» አለችኝ። በደች ወግ ያዢ እንደ ማለት ነው።

«እናቷን ወግ ያዢ የምትል ልጅ አሳድገሻል?» አሉ አማቴ፣ ቃሉን ስተረጉምላቸው።

«አንቺም ትያለሽ እኮ፣ አያቴ» አለችና አቀፈቻቸው። እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አያቷን አንቺ ነው የምትላቸው። እኔ በአፈርኩ ቁጥር እሳቸው ይስቃሉ።

ከትራሙ ወርደን ስኼቬኒንገን አሸዋው ላይ ስንደርስ አማቴ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እኒህን ሰዎች ልብሳቸውን ማን ገፈፋቸው?»

«ፀሐይ እየሞቁ ነው» አልኩ፣ እኔም ወዴት እንደማይ ጠፍቶኝ።

«እኛም አገር ፀሐይ አለ። እንዲህ አላደረግንም።»

«አያቴ፣ አንቺም ነጠላሽን አውልቂና ሙቂ።»

«ዝም በይ፣ ባለጌ። ሰማንያ ዓመት የተሸፈንኩትን ለእንግሊዝ አሳ ላሳይ?» ማዶው እንግሊዝ መሆኑን በመንገድ ላይ ነግሬያቸው ነበር።

ሰዉን ላለማየት ውኃው አጠገብ ሄደው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ሰጥተው ተቀመጡ። ከዚያ «አይጠጣ፣ አይታረስ» አሉ ለራሳቸው ያህል፣ «እንዲያው ዝም ብሎ ብዙ ነው።» ደስ እንዳላቸው ያወቅሁት ግን ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ድምፁን ሲሰሙ ነው።

ጾማቸውን የሚፈቱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጄ አያቷን ፓታት ማብላት ፈለገች፤ ድንች፣ ዘይትና ጨው ብቻ፣ ያለ ማዮኔዝ። እኔ ደግሞ አንዳንዱ ቤት ድንቹን በከብት ሞራ እንደሚጠብስ አውቃለሁ። ልጄ «ዘይት ነው» ብትለኝ አላምናትም፤ ራሴ መጠየቅ አለብኝ።

«ብቻዎን ልተውዎት?» አልኳቸው።

«ወዴት እሄዳለሁ? ሂጂና ድንቹን መርምሪ» አሉኝ።

ሻጩ ዘይቱ የአትክልት መሆኑን ሲምልልኝ፣ ሰልፍ ላይ ያሉ ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። እኔም ዞርኩ። ውኃው ላይ ነጭ ግንብ ቆሟል። ግንብ ነው ያልኩት ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው፤ ከላይ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ፀሐዩ እንዳለ፣ ግንቡ ግን እየተራመደ ነው። ሩቅ የነበረችው መርከብ ገባችበት። ቀጥሎ የሚዋኙት ሰዎች ጭንቅላት። ቀጥሎ ነጠላ ለብሰው የተቀመጡት አማቴ።

ድንቹን ማን ተቀብሎኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስሮጥ ሰውነቴን ብርድ መታው፤ የጓዳ በር ተከፍቶ የጠላ ጋኖች መሐል የገባሁ ያህል። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አላያቸውም። ጉም አላውቅም ማለቴ አይደለም። ያገሬ ጉም ግን በማለዳ ይመጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል። ይሄ ፀሐይዋን ራሷን በጠራራው ዋጠ። ልጄ ከኋላዬ «ማማ፣ ቀስ» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ይስቁ ነበር። ከዚያ እናቶች የልጆቻቸውን ስም መጥራት ጀመሩ፣ ሳቁም ቆመ።

«እማማ!» እያልኩ ወዲያ ሮጥኩ፣ ወዲህ ሮጥኩ። አሸዋው ሁሉ አንድ ነው። እግሬ የሆነ ነገር ነካ። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት፤ ጫማቸው ነው። ጥቁሩ ጫማ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን፣ ተስተካክለው ተቀምጠዋል። ማዕበሉ እስከ አጠገባቸው ድረስ ይመጣና ይመለሳል። እሳቸው የሉም።

ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ባሌ ጫማውን እያሰረ ቀና ሲል ያየኝ ዓይኑ ብቻ መጣብኝ።

የባሕር ዳርቻ ጠባቂዋ በፊሽካና በመብራት ስትደርስ ልጄ ነበረች የምታስረዳት። እኔ ደቹ ሁሉ ጠፍቶብኛል።

«ዋና ይችላሉ?» አለች ጠባቂዋ።

«ባሕር ያዩት ዛሬ ነው» አለች ልጄ።

በአካባቢው የነበሩ ሰዎች፣ በዋና ልብስ እንዳሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ውኃው ገቡ። ማንም አልለመናቸውም። ልጄም በጫፍ በኩል ያዘች። እኔን ጠባቂዋ ትከሻዬን ይዛ «ከጫማው አጠገብ እንዳትነቃነቂ፣ ቦታው እንዳይጠፋን» አለችኝ። ሰንሰለቱ ወደ ነጩ ውስጥ ገባና ድምፁ ብቻ ቀረ።

ለባሌ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? ጣቴ ቁጥሩ ላይ ሳይደርስ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ አረፈ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

የዘጠኝ ሰዓት ጸሎት።

እኚህ ሴት ጫማቸውን ያወለቁት ውኃ ሊገቡ አይደለም። ሊጸልዩ ነው። ሲጸልዩ ደግሞ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው። ባሕሩ ምዕራብ ነው። እኛ ሁላችን ከጫማው ወዲያ እንፈልጋለን፤ እሳቸው ከጫማው ወዲህ ናቸው። ጀርባዬን ለማዕበሉ ሰጥቼ እጄን ከፊቴ ዘርግቼ ሄድኩ።

ብዙም አልራቁ። ደረቁ አሸዋ ላይ፣ በባዶ እግራቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ነጠላቸውን ይዤ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ሳይዞሩ አንድ ጣታቸውን አነሱ። ቆይ ማለታቸው ነው።

እኔም ቆምኩ። ዛሬ ሳስበው ደሜ ይረጋል፤ ቆምኩ። እንዲህ ነው ያደግነው። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ቢጠሩት አይመልስም፣ የሚጠራውም ይጠብቃል። እኔ ራሴ ስልኬ ስንት ጊዜ ሲጮህ ሳልነካው ቀርቻለሁ። እንባዬ እየወረደ፣ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ፣ እንደ ጨዋ ምራት እጄን አጣምሬ ጠበቅሁ።

ከውኃው በኩል የጠባቂዋ ፉጨት ተሰማ። ሰዎቹን እያስወጣቻቸው ነው። ከዚያ በደች «ልጅቷስ?» የሚል ድምፅ። ሌላው «እጄን ለቃ ወደ ፊት ሄደች» አለ። «ሴትዮዋን ያየች መስሏት።»

ልጮህ ፈለግሁ። «ልጄ» ብቻ አልኩ፣ በሹክሹክታ።

አማቴ ጸሎቱን አቋረጡት። ቃሉ ገና በአፋቸው ሳለ ዞሩ።

«የት ነው ያለችው?»

«ውኃ ውስጥ። እርስዎን ፍለጋ።»

ፊታቸው ላይ ያየሁትን መናገር አልችልም። «ወደ ውኃው ውሰጂኝ» አሉ። ዳር ስንደርስ እኔ ገብቼ ልሮጥ ስል ክንዴን ያዙ፤ ያ ቀጭን እጅ እንዲህ እንደሚይዝ አላውቅም ነበር።

«ቁሚ። በጉም የሚጠራ ሰው ቦታውን አይለቅም። ቅድም አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ስትጮሂ ነበር፤ ማን ያገኝሻል?»

እዚያው ቆመው ተጣሩ። ገደል ለገደል የሚጠራሩበት የደጋ አጠራር ነው፤ አንድ ድምፅ፣ ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል። ይጣሩና ዝም ይላሉ። ያዳምጣሉ። ደግሞ ይጣራሉ። ጠባቂዋ ፊሽካዋን ከአፏ አወጣች። እነዚያ እርጥብ ሰዎች ሁሉ ዝም አሉ። በየመሐሉ ያለው ጸጥታ ከድምፁ ይልቅ አስፈራኝ።

ከዚያ፣ ካሰብነው በጣም ርቆ በቀኝ በኩል፦

«አያቴ? አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ወዲህ ነይ። ድምፄን ያዢ።»

ሳያቋርጡ ጠሯት። ልጄ ከነጩ ውስጥ ስትወጣ እስከ ደረቷ እርጥብ ናት፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ወደ ባሕሩ እየገባች የመሰላት ወደ ዳር ስትሆን፣ ወደ ዳር የመሰላት ወደ ጥልቁ ነበር፤ በኋላ ነገረችን። ያን ሰዓት ግን የተናገረችው ለአያቷ ነው።

«ስንጠራሽ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጸሎት ላይ ነበርኩ። እናትሽ ስትጠራ ሰማሁ፣ ትጠብቅ አልኩ። ከዚያ ፉጨቱና ጫጫታው ሲበዛ፣ ሰው ጠፍቷል ማለት ነው ብዬ ለጠፋው ሰው ደግሞ ጨመርኩለት። ለዚያ ነው የረዘመው።»

«አንቺ ነበርሽ እኮ የጠፋሽው።»

አማቴ ያን ጃኬት ከእጄ ወስደው ልጅቷን አለበሷት፣ በላዩ ላይ ነጠላቸውን ጠቀለሉባት። ራሳቸው በቀሚስ ብቻ ቀሩ፤ ለሰማንያ ዓመት የተሸፈኑት ሴት። ጠባቂዋ የሚያብረቀርቅ ብርድ ልብስ ስትሰጣቸው ተቀብለው እሱንም ለልጅቷ ጨመሩ። ጠባቂዋ ወደ እኔ ዞራ «የት ነበሩ?» አለችኝ። «ይጸልዩ ነበር» አልኩ። እሷም ራሷን ነቅንቃ ሌላ ልጅ ወደሚጠራበት ሄደች።

ደረጃውን ስንወጣ ፀሐይ ነው። ጥቂት መንገድ ብቻ ከባሕሩ ርቀን፣ ሰዎች ካናቴራ ለብሰው አይስክሬም ይልሳሉ። አንዲት ሴት ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አይታ ሳቀች፤ በልብሷ የዋኘች መስሏት ይሆናል። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው። ትንበያው አልሳተም፤ ዝቅ ያለ ደመና አለ፣ ዝቅ ያለ ደመና መጣ።

ትራም ማቆሚያው ላይ አማቴ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «የተቋረጠ ጸሎት ከተቋረጠበት ነው የሚቀጠለው ወይስ ከመጀመሪያው?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ። ቄሱን እንጠይቃለን።»

«ከመጀመሪያው ነው» አሉ።

ፀሐይዋን በጀርባቸው አድርገው፣ ልጄ ይዛላቸው የመጣችውን ጫማ አሁንም ሳያደርጉ፣ አስፋልቱ ላይ ቆመው ጀመሩ። ትራሙ መጥቶ በሩን ከፈተልን። ልጄ አየችኝ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ እንሄዳለን አልኳት። በሩ ተዘግቶ ሄደ። አማቴ የዘረጉት አንድ እጃቸውን ብቻ ነበር። በሌላው የልጅቷን እርጥብ እጅጌ አንቀው ይዘዋል።